የዓሣ ጫጩቶች ጠባይ ሲለወጥ፦ ውሃው ውስጥ ምን ገባ?

የዓሣ ጫጩት ከመሞቱ በፊት ጠባዩ ይለወጣል። ብዙ ሰው የሚነቃው ግን የሞተ ተንሳፎ ሲያይ ነው። ከዚያ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። እባካችሁ፣ ምንም ከመጨመራችሁ በፊት ጫጩቶቹን በደንብ እዩ፤ ውሃውንም ለኩ።

ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፋፍታሉ

መጀመሪያ ሰዓቱን ልብ በሉ። ንጋት ላይ ብቻ ከሆነና ፀሐይ ስትወጣ ከተዉ፣ የጎደለው ኦክስጅን ነው። አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሠራል፤ ሌሊት ግን ራሱም ይጠቀማል። ስለዚህ ኩሬው በጣም የሚታፈነው ሊነጋ ሲል ነው። ማዳበሪያ ወይም ፍግ በጎርፍ ከገባ ደግሞ አልጌው ይበዛና ነገሩ ይብሳል። የአየር ፓምፕ አስገቡ፣ ምግብ ቀንሱ፣ ጎርፉ የሚገባበትን ቦይ ዝጉ።

አየር እየገባላቸውም ቀኑን ሙሉ ካለከለኩ፣ ከዓሣ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚመጣውን መርዝ፣ ናይትራይትን፣ ጠርጥሩ። አሁን ገና የሞተ ጫጩት አንሱና የስንጥቡን ክዳን ገለጥ አድርጉ። የጤነኛ ዓሣ ስንጥብ ደማቅ ቀይ ነው። ወደ ቡናማ ካደላ፣ ናይትራይት ደሙ ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን እንዳይሸከም አድርጎታል ማለት ነው። ውሃው ኦክስጅን ሞልቶት ዓሣው ይታፈናል።

እዚህ ላይ ጨው በጣም ይረዳል። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥቡ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል። በናይትሮጅን ተሰልቶ በሊትር 1 ሚሊግራም ናይትራይት ከተለካ፣ በሊትር 10 ሚሊግራም ያህል ክሎራይድ ያስፈልጋል። ከጨው ውስጥ 60 በመቶ ገደማው ክሎራይድ ስለሆነ፣ በ1,000 ሊትር ውሃ 17 ግራም ያህል ጨው ይሆናል። ምንም ያልተቀላቀለበት ጨው ይሁን። ቀስ በቀስ ከውሃው ላይ እየቀየሩ ናይትራይቱን ማውረድም አይቀርም።

በድንገት ይፈተለካሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ሚዛን ይስታሉ

ውሃ ከተቀየረ በኋላ ወዲያው ከጀመራቸው ክሎሪን ነው ብላችሁ ጀምሩ። ሶዲየም ታዮሰልፌት ክሎሪኑን ወዲያው ያከሽፈዋል። የቧንቧውን ውሃ አየር እየሰጡ አንድ ቀን ማሳደርም ይሠራል፤ ግን ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደበት ክሎራሚን ከሆነ በማሳደር አይወጣም። ታዮሰልፌት ክሎራሚኑን ቢሰብረውም አሞኒያው ይቀራል።

ክሎሪን ካልሆነ አሞኒያን ጠርጥሩ። አሞኒያን ስትለኩ የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ፒኤችንም አብራችሁ ለኩ። ብቻውን የተነበበ ቁጥር ያሳስታል። ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ፒኤቹ 7 ከሆነ፣ መርዛማው የአሞኒያ ዓይነት ከጠቅላላው 1 በመቶ አይሞላም። ፒኤቹ 9 ሲደርስ ግን ከሲሶ በላይ ይሆናል። ስለዚህ አሞኒያ እያለ ፒኤችን ከፍ የሚያደርገውን ኖራ መጨመር ጫጩቶቹን መግደል ነው። ምግብ አቁሙ፣ ከውሃው ሲሶውን ቀይሩ፣ በማግስቱ እንደገና ለኩ።

ክሎሪንም አሞኒያም ከሌሉና በአቅራቢያ ፀረ ተባይ ተረጭቶ ከሆነ፣ ከዚያ የሚመጣውን ውሃ ወዲያው ቁረጡ። ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ነርቭን ያውካሉ፤ ዓሣ ላይ ደግሞ እጅግ ይበረታሉ። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ሌሎቹ ፀረ ተባዮች በአነስተኛ መጠን ሲሆኑ ጫጩቱን ያፈዙታል፤ ዋናው ይቀዘቅዛል፣ ምግቡን ይስታል።

ጤነኛ ይመስላሉ፣ ግን አደጋን አይሸሹም

ይሄኛውን ምልክት ብዙዎች ያልፉታል፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የእንስሳት ተመራማሪው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1938 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ የአንዳንድ ዓሦች ቆዳ ሲቆስል ጓደኞቻቸውን የሚያስደነግጥ ነገር ይለቃል። ሌሎቹ ያሸቱትና ይደበቃሉ። መዳብ ይህን ማሽተት ያጠፋል። በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም መዳብ፣ ለሰዓታት ብቻ እንኳ፣ የኮሆ ሳልሞን ጫጩቶችን ማስጠንቀቂያውን ሰምተው እንዳልሰሙ ያደርጋቸዋል። አንድም አይሞት ይሆናል። አዳኝ ሲመጣ ግን ቆመው ይበላሉ።

ቀላል መፈተሻ አለ። ምግብ በውሃ ዘፍዝፋችሁ አጥልሉትና ፈሳሹን ብቻ በአንድ ጥግ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ። ማሽተት የሚችል የተራበ ጫጩት ወደዚያው ይሰበሰባል። ካልመጡ መዳቡን ፈልጉ፦ የመዳብ ቧንቧ፣ የአልጌ ማጥፊያ፣ የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት። የቧንቧ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ ያደረውን ውሃ አፍስሱ። ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድን ያነሰው፣ ውሃ ውስጥ መዳብ የበለጠ ይጎዳል፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ብቻ አይታችሁ አትጨምሩ።

ከልክ በላይ ደፋር የሚሆኑበትም ጊዜ አለ። ኦክሳዜፓም የሚባለው የጭንቀት መድኃኒት ከፍሳሽ ጋር ወንዝ ይገባል። በስዊድን በተደረገ ጥናት መድኃኒቱ ያገኛቸው ፐርች ዓሦች ይበልጥ ተንቀሳቃሽ ሆኑ፤ ከመንጋውም መራቅ ጀመሩ። ውሃችሁ ፍሳሽ ከሚገባበት ወንዝ የሚመጣ ከሆነ በከሰል ማጣሪያ አሳልፉት፤ ከተቻለ ግን ምንጩን ቀይሩ።