አልገጥም ላለ አጥንት ስቴም ሴል ሲሰጥ የሚሠሩ ስህተቶች

በብዛት የሚሠራበት መንገድ ከታካሚው ዳሌ አጥንት መቅኔ ቀድቶ፣ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሮ ስቴም ሴሉን (አዲስ አጥንት ሊሆን የሚችለውን ሴል) ካጠራቀሙ በኋላ ስብራቱ ላይ መስጠት ነው። ሲከሽፍ ወቀሳው በሴሉ ላይ ይወድቃል፤ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የአሠራሩ ነው።

ከአንድ ቦታ ብዙ መቅዳት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ከአንድ ነጥብ በሴል የበለጸገው መቅኔ የመጀመሪያው 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው በአብዛኛው ተራ ደም ነው። ግጥም ብሎ የሞላ ባለ 50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ዓይን ቢሞላም ውስጡ ያለው ስቴም ሴል እዚህ ግባ የማይባል ሊሆን ይችላል። በባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ፈጠን ብሎ ጥቂት መሳብ፣ ከዚያ መርፌውን ማዞር ወይም ጥልቀቱን መቀየር ይሻላል። ሲሪንጁ አስቀድሞ ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው ሄፓሪን ካልራሰ መቅኔው ይረጋል፣ ሴሉም ከረጋው ደም ጋር ይቀራል።

የሴል ቁጥር ቀልድ አይደለም። ፈረንሳዊው የአጥንት ሐኪም ኤርኒጉና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የቅልጥም ስብራታቸው አልገጥም ካለ 60 ታካሚዎች 53ቱ ድነዋል፤ ለቀሩት 7ቱ የተሰጣቸው ሴል በቁጥር በግልጽ ያነሰ ነበር።

የሚነቃነቅ ስብራት ላይ መስጠት። ስብራቱን የያዘው ብረት (ፕሌት) ብሎኑ ከላላ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። እንቅስቃሴ በበዛበት ክፍተት ውስጥ የሚበቅለው አጥንት ሳይሆን ጠባሳ ነው።

ኢንፌክሽን ሳያጣሩ መጀመር። መግል ስላልታየ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ሲአርፒ (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ) ይታይ፣ ከስብራቱም ከአንድ በላይ ናሙና ለካልቸር (ጀርም በላቦራቶሪ ለማሳደግ) ይላክ። ታካሚው አንቲባዮቲክ እየወሰደ ከሆነ፣ ሁኔታው ከፈቀደ፣ ናሙናው ከመወሰዱ 2 ሳምንት በፊት ይቋረጥ፤ አለዚያ ውጤቱ በሐሰት ንጹሕ ሊመጣ ይችላል።

ሰፊ ክፍተትን በፈሳሽ ለመሙላት መሞከር። የሚይዘው ነገር ከሌለ ሴሉ ፈስሶ ይሄዳል። ከራስ የተወሰደ አጥንት ወይም እንደ አጥንት ምትክ የሚያገለግል ካልሲየም ፎስፌት ያስፈልገዋል።

የጭን አጥንት ራስ ከተደረመሰ በኋላ መስጠት። ይህ ከስብራት የተለየ ሕመም ነው፤ ደም ባለማግኘት የሞተ የጭን አጥንት ራስ ላይ ሴል የሚረዳው ቅርጹ ሳይበላሽ ነው። በዚያ ደረጃ ተራ ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል፣ ኤምአርአይ ግን ያሳያል። ከተደረመሰ ወዲህ የሚያዋጣው አብዛኛውን ጊዜ የመገጣጠሚያ ቅየራ ነው።

ሲጋራም አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋል። የሚያጨስ ታካሚ እስኪያቆም ቀጠሮውን ማራዘም ጭካኔ አይደለም።