ስለ ጋቢ ፓሂኑኢ ሲጽፉና ስልቱን ሲለማመዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«የሃዋይ ጊታር» ሲባል ብዙ ሰው ጭን ላይ ተጋድሞ፣ ክሩ በብረት እየተዳሰሰ የሚጫወቱትን ስቲል ጊታር ያስባል። የሃዋዩ ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ጋቢ ፓሂኑኢ ስሙን ያስጠራው ግን ስላክ ኪ በተባለው የአጨዋወት ስልት ነው። መሣሪያው ተራው ባለስድስት ክር አኮስቲክ ጊታር ነው፤ የሚለየው ቅኝቱና የጣት አጣጣሉ ነው። ሃዋያውያን ኪ ሆአሉ ይሉታል፣ ቁልፉን ማላላት ማለት ነው። ሁለቱን የሚያምታታው ጋቢ ስቲል ጊታርም ይጫወት ስለነበር ነው፤ ፎቶ ሥር ከመጻፍዎ በፊት ጊታሩን እንዴት እንደያዘው ልብ ይበሉ።

ቀኖቹም ይምታታሉ። የተወለደው ሆኖሉሉ ውስጥ ኤፕሪል 22 ቀን 1921፣ ያረፈው ኦክቶበር 13 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁለቱም ላይ 8 መቀነስ ያሳስታል። ልደቱ ሚያዝያ 14 ቀን 1913 ዓ.ም. ነው፤ ሞቱ ግን ከመስከረም በኋላ ስለዋለ 7 ተቀንሶ ጥቅምት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. ይሆናል።

የስልቱ ፈጣሪ ነው ማለትም ልክ አይደለም። ጊታር ከሃዋይ ሕዝብ ጋር የተዋወቀው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. በመጡ የሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች እንደሆነ ይነገራል፤ ቅኝቶቹን ደግሞ ቤተሰቦች እንደ ምስጢር ይጠብቋቸው ነበር። ጋቢ በ1946 እ.ኤ.አ. «ሂኢላዌ» የተባለውን ዘፈን በሸክላ አስቀርጾ ይህን የጓሮ ሙዚቃ ለሕዝብ ጆሮ አደረሰው። ኑሮውን ለመደጎም በሆኖሉሉ ከተማ የመንገድ ሥራ ላይ ይውል ነበር። ከሙዚቀኛው ኤዲ ካማኤ ጋር «የሃዋይ ልጆች» በተባለው ቡድን መጫወቱን፣ ልጆቹም ተከትለውት ሙዚቀኛ መሆናቸውን ያልጠቀሰ ጽሑፍ ጎደሎ ነው።

ልምምድ ላይ አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው ሲቃኝ ነው። የተለመደው «ታሮ ፓች» ቅኝት ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ነው። ከመደበኛው ቅኝት የሚነኩት ሦስት ክሮች ብቻ ናቸው፤ 6ኛው (ወፍራሙ) ከኢ ወደ ዲ፣ 5ኛው ከኤ ወደ ጂ፣ 1ኛው (ቀጭኑ) ከኢ ወደ ዲ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ድምፅ ይወርዳሉ። ያለ ቲውነር (የመቃኛ መሣሪያ) ለመቃኘት 6ኛውን ከ4ኛው ክር አንድ ኦክታቭ (ስሙ ያው የሆነ ዝቅተኛ ድምፅ) ዝቅ፣ 5ኛውን ከ3ኛው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያድርጉ፤ 1ኛው ደግሞ 2ኛው ክር 3ኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለ የብረት መስመር) ላይ ሲያዝ ከሚሰጠው ድምፅ ጋር እኩል ይሁን። ክሩን እያላሉ ልክ ድምፁ ላይ ማቆም ስህተት ነው። የቁልፉ ጥርስ ክፍተት ስላለው ትንሽ ሲጫወቱ ክሩ ይወርዳል፤ ከሚፈለገው በታች አውርደው መልሰው ያክርሩት። ሦስቱ ሲላሉ የጊታሩ አንገት ላይ ያለው ጫና ስለሚቀንስ ያልተነኩት ክሮች በጥቂቱ ከፍ ይላሉ። ስለዚህ አንድ ዙር ቃኝቶ መተው አይበቃም፣ ስድስቱንም እንደገና ይፈትሹ። ቀጭን ክር ከሆነ 6ኛው ሲመታ ፍሬት ላይ ይንጫጫል፤ የ1ኛ ክሩ ውፍረት .012 ወይም .013 ኢንች የሆነ ስብስብ ይሻላል።

ከዚያ የድሮውን የኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) አያያዝ ይዞ መቀጠል ይመጣል። ጂ አሁን ሳይያዝ ይገኛል። ለዲ7 ደግሞ 3ኛውን ክር 2ኛ ፍሬት፣ 2ኛውን 1ኛ ፍሬት ላይ ይዘው 5ኛውን ክር ይተዉት።

በፒክ (በክር መምቻ ቁራጭ) መግረፍ ግን ስልቱን ከሥሩ ያጠፋዋል። አውራ ጣት ቤዙን (ወፍራሞቹን ክሮች) እያፈራረቀ ይመታል፤ ጂ ላይ 5ኛና 4ኛ ክር፣ ዲ7 ላይ 6ኛና 4ኛ። ዜማውን አመልካችና መሃል ጣት ቀጭኖቹ ክሮች ላይ ያወጡታል። ጀማሪ ዜማው ሲከብደው አውራ ጣቱ ይቆማል። ዜማውን ትተው አውራ ጣቱን ብቻ ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው እያዋሩ እንኳ ሳይዛነፍ እስኪሄድ ይለማመዱ።

ጋቢ ዘፋኝም ነበር፤ ድምፁ እያለ በሶሎ መሙላት ስልቱን አለማወቅ ነው። ጊታሩ የሚናገርበት የራሱ ቦታ አለው፤ አንድ ስንኝ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ድረስ ባለችው ክፍተት ከኤ7 ወደ ዲ7፣ ከዚያ ወደ ጂ የምትመለሰው አጭር ሐረግ ላይ ነው።