የርቢዎች ድምር አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በእኩል ልዩነት የሚሄዱ ቁጥሮችን ዳግም ርቢ (ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ የሚገኘውን) በቀመር ደምራችሁ መልሱ አልገጥም ካለ፣ ገጹን ከመቅደዳችሁ በፊት የተሳሳተውን መልስ ራሱን እዩት። ደብተር ሳርም መልሱን ብቻ አይቼ ስህተቱ የት እንደተሠራ የማውቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለሙከራ 3፣ 7፣ 11፣ 15 እና 19ን እንያዝ። መነሻው (መ) 3፣ ልዩነቱ (ል) 4፣ ብዛቱ (ብ) 5 ነው። በእጅ ሲደመር 9+49+121+225+361 = 765 ይሆናል። ቀመሩም ይህንኑ መስጠት አለበት፦

ብ×መ² + መ×ል×ብ×(ብ−1) + ል²×(ብ−1)×ብ×(2ብ−1)÷6

45 + 240 + 480 = 765።

3025 ከመጣ መጀመሪያ ደምራችሁ 55 አገኛችሁ፣ ከዚያ ድምሩን በራሱ አባዛችሁ። ስህተቱ አያስገርምም። ከ1 ጀምሮ ተከታታይ ቁጥሮችን ስንወስድ የሣልስ ርቢዎቹ (እንደ 2×2×2 = 8 ያሉት) ድምር ከተራው ድምር ዳግም ርቢ ጋር እኩል ነው፤ 1+8+27 = 36 = 6²። ያ ግን የእነዚያ ሣልስ ርቢዎች ጸባይ ነው፤ ወደዚህ አይሻገርም።

525 ከመጣ የጎደለው 240 ነው። ቅንፉ ሲፈታ መካከለኛው አባል ተዘልሏል፦ (3+4)² ማለት 9+16 ብቻ አይደለም፣ 2×3×4ም አለበት።

404 ከመጣ የመጨረሻው 361 ሳይደመር ቀርቷል። 19−3 = 16፣ 16÷4 = 4 ተብሎ ብዛቱ አራት ሆነ። አራት የእርምጃዎቹ ብዛት ነው፤ በአምስት የአጥር ችካል መካከል ያለው ክፍተትም አራት ነው። አንድ ጨምሩ።

1285 ከመጣ ተንኮለኛው ይህ ነው፤ ስሌቱ ሁሉ ትክክል ይመስላል። ቁጥሩ የ7፣ 11፣ 15፣ 19 እና 23 ዳግም ርቢዎች ድምር ነው፤ ድርድሩ አንድ እርምጃ ወደፊት ተንሸራቷል። መነሻው ላይ ገና ምንም ስላልተጨመረ የእርምጃው ቆጠራ ከ0 እስከ 4 መሄድ ሲገባው ከ1 እስከ 5 ሄደ። የተለመደው ብ×(ብ+1)×(2ብ+1)÷6 የተሠራው ከ1 እስከ ብ ለሚሄድ ቆጠራ ነው፤ እዚህ በብ ቦታ ብ−1 መግባት አለበት። ለማረጋገጥ ትርፉን እዩት፦ 520፣ ማለትም 23² − 3²።

እኔ ግን ከመነሻው መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ፤ ከመሃል እጀምራለሁ። የአምስቱ አማካይ 11 ነው፤ ከእሱ ያላቸው ርቀት −8፣ −4፣ 0፣ 4፣ 8። ርቀቶቹ ሲደመሩ ዜሮ ስለሚሆኑ ያ አስቸጋሪ መካከለኛ አባል በራሱ ይጠፋል፤ የሚቀረው 5×11² + 160 = 765 ነው። 160 የርቀቶቹ ዳግም ርቢ ድምር ሲሆን በቀመር ል²×ብ×(ብ²−1)÷12 ይሆናል። ሣልስ ርቢውም ቀላል ነው፦ 5×1331 + 3×11×160 = 11935። ብዛቱ ተጋማሽ ሆኖ አማካዩ ከነግማሹ ቢወጣም መንገዱ ይሠራል። ለሣልስ ርቢ ሌላም መፈተሻ አለ፦ ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑና ተራው ድምር ዜሮ ካልሆነ፣ መልሱ ለተራው ድምር ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። 11935÷55 = 217። ቀሪ ከመጣ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ኮምፒውተር ኔጋቲቭ ድምር ከሰጠ ቀመሩ ጥፋት የለበትም። ኔጋቲቭንም የሚይዝ ባለ 32 ቢት (32 የ0 ወይም የ1 ቦታ ያለው) ሙሉ ቁጥር ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም፤ ከ1 እስከ 303 ያሉት ሣልስ ርቢዎች ይገቡበታል፣ 304ኛው ሲጨመር ሞልቶ ይፈሳል። ባለ 64 ቢት ተጠቀሙ። የቀመሩ የመጨረሻ አባል ዜሮ ከሆነ ደግሞ ÷6ን ከማባዛቱ አስቀድማችሁት እንደሆነ እዩ፤ በሙሉ ቁጥር ስሌት 5÷6 ዜሮ ነው።