ከሰው ርቀው ሲጓዙ ዕቃ ቢበላሽ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከመንደርና ከመንገድ ርቆ በሚደረግ ጉዞ ዕቃ መበላሸቱ አይቀርም፤ ተጓዡን ለከፋ አደጋ የሚያጋልጠው ግን ብዙውን ጊዜ ብልሽቱ ሳይሆን ከብልሽቱ በኋላ በችኮላ የሚያደርገው ነገር ነው።

በመጀመሪያ፣ የተበላሸውን ዕቃ በቆሙበት አይፍቱ። ነፋሱ እየበረታ፣ ቀኑ እየመሸ፣ ጣት በብርድ ደንዝዞ ሳለ ምድጃ መፈታታት የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። አንድ የጉዞ ባልደረባዬ ጋዙ የሚወጣባትን ትንሽ ብሎን ሣር ውስጥ ጥሎ ሲፈልግ በማምሸቱ የእጅ ባትሪውንም ጨረሰ። አስቀድሞ መጠለል፣ ልብስ መደረብና አንዳች ነገር መቅመስ ይገባል፤ ከዚያ ጨርቅ አንጥፎ በላዩ ላይ መፍታት ይቻላል። ምድጃው ጨርሶ ያልተበላሸ ሊሆንም ይችላል፤ ቡቴን የተባለው ጋዝ በ0 ዲግሪ አካባቢ መትነኑን ስለሚያቆም፣ ጣሳውን ልብስ ውስጥ ይዞ ማሞቅ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

ከሁሉም አብልጦ የሚያስቆጣኝ ውስጡ በረዶ የሠራበትን የውኃ ማጣሪያ ማመን ነው። እንደ ክር በቀጠኑ ቱቦዎች በሚያጣራው ዕቃ ውስጥ የቀረ ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ስለሚሰፋ ቱቦዎቹን ይሰነጥቃቸዋል። ስንጥቁ ለዓይን አይታይም፤ ውኃውም እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ በሽታ አምጪ ተህዋስያኑ ግን አብረው ያልፋሉ። ይህን ስናስረዳ «ይሠራል እኮ!» የሚል መልስ እንሰማለን። አይሠራም! የተሰበረ የድንኳን ምሰሶ መሰበሩን ራሱ ይናገራል፣ ይህ ግን ተበላሽቶም ደህና ይመስላል፤ ተጓዡ የሚያውቀው ከቀናት በኋላ፣ ሕክምና በሌለበት ሥፍራ ሆዱን ሲያመው ነው። ስለዚህ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ማጣሪያው ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ይደር። አንዴ በረዶ ከሠራበት ከአገልግሎት ውጭ ይሁንና ውኃው ይፍላ፤ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ደግሞ 3 ደቂቃ ይቆይ። የክሎሪን እንክብል በመጠባበቂያነት መያዝ ጥሩ ቢሆንም፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተህዋስ በቀላሉ እንደማይሞትበት መታወቅ አለበት።

በብርድ የጠፋ ስልክ ባትሪው አልቋል ብሎ መደምደምም ስህተት ነው፤ በውስጥ ኪስ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ነገር ግን ከ0 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘን የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ካርታውን በስልክ ብቻ ስለሚይዙ ሰዎች የምለው የለኝም፤ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ይያዙ።

ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ ጫማ ሳይለበስም ሶሉ በእርጥበት ሊበሰብስ ስለሚችል፣ ከጉዞ በፊት አጥፎ መመርመር ይገባል።

ጀማሪዎች ደግሞ ቡድኑን ላለማስቸገር ብልሽትን ይደብቃሉ። ከልባቸው አስበው የሚያደርጉት ስለሆነ አልቆጣቸውም፤ ሆኖም ማለዳ የተነገረ ብልሽት መንገድን ለማሳጠር ወይም ለመመለስ ጊዜ ይሰጣል፣ ማታ የተነገረው ግን አይሰጥም።

መገናኛው ሁሉ ከተቋረጠ በጨለማ መንገድ ፍለጋ አይውጡ። ባሉበት ሆነው በፊሽካ ወይም በእጅ ባትሪ በ1 ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ምልክት ይስጡ፣ 1 ደቂቃ ያርፉ፣ ደግመው ይስጡ፤ በደቂቃ 3 ጊዜ የሚመጣ ምላሽ ምልክቱ መሰማቱን ያመለክታል፣ እርስዎም ረዳቶቹ እስኪደርሱ ምልክቱን አያቋርጡ።