መቁጠሪያ ስትደግሙ ሐሳባችሁ ለሚበተን

በካቶሊክ የመቁጠሪያ ጸሎት አሥሩን «ጸጋን የተመላሽ ማርያም ሆይ» ጨርሳችሁ የትኛው ምሥጢር (ከኢየሱስና ከማርያም ሕይወት የምታሰላስሉት ክንውን) ላይ እንደነበራችሁ ካላስታወሳችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጥድፊያ ነው። ጳጳሱ ጳውሎስ 6ኛ በ1974 እ.ኤ.አ. እንዳሉት፣ ማሰላሰል የሌለበት መቁጠሪያ ነፍስ የሌለው ሥጋ ነው።

መፍትሔው የኢየሱስ ስም ላይ ነው። የጸሎቱ እምብርት እሱ ስለሆነ ዕለቱን ከምታሰላስሉት ምሥጢር አንድ አጭር ሐረግ ከስሙ ፊት ጨምሩ። ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ በሐዘን ምሥጢራት፦ «የማኅፀንሽም ፍሬ፣ ስለ እኛ መስቀል የተሸከመው ኢየሱስ የተባረከ ነው።» ሰኞና ቅዳሜ በደስታ፦ «በቤተ ልሔም የተወለደው ኢየሱስ»። ረቡዕና እሑድ በክብር፦ «ከሙታን የተነሣው ኢየሱስ»። ሐሙስ የብርሃን ነው፤ «በዮርዳኖስ የተጠመቀው» ማለት ይበቃል። ይህ ልማድ በአንዳንድ አገሮች የቆየ ነው፤ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም የብርሃንን ምሥጢራት በጨመሩበት በ2002 እ.ኤ.አ. አመስግነውታል። ሐረጉ በየአሥሩ ይቀየር፤ ከአራት ቃል ከበለጠ ግን ምላስን ያስራል።

ምሥጢሩን ከጠራችሁ በኋላ፣ «አባታችን ሆይ» ከመጀመራችሁ በፊት፣ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ዝም በሉ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው፤ ያለ እሱ ግን ሐረጉም ባዶ ድግግሞሽ ይሆናል።

በማኅበር ስትደግሙ መሪው ብቻ ሐረጉን ይበል፤ ሌላው «ቅድስት ማርያም» ብሎ ይቀበል። የዕለቱን አምስት ምሥጢራት፣ ለእያንዳንዱ አንድ አሥር እየደገሙ፣ ለመጨረስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ጊዜ ካጠረ አንዱን አሥር ብቻ በእርጋታ ድገሙ።