ጄኔሬተሩ እየሠራ ካራቫኑ ለምን ይጨልማል?

ትንሹ ጄኔሬተር ውጭ እየተንጣጣ ነው። ገመዱም ተሰክቷል። ካራቫኑ ውስጥ ግን የሰካችሁት ስልክ ቻርጅ አያደርግም፣ ኤሲውም ትንሽ አጉረምርሞ ጸጥ ይላል። እዚህ ላይ አብዛኞቻችን ጄኔሬተሩን እንረግማለን። እኔም ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ። ማሽኑ ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ወይ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል፣ ወይ ከካራቫኑ ጋር በደንብ አልተገናኘም።

ስለዚህ አንድ ብሎን እንኳ ሳትፈቱ ከዚህ ጀምሩ። ገመዱን ንቀሉ። ካራቫኑ ውስጥ ያሉትን ብሬከሮች በሙሉ አጥፉ። ጄኔሬተሩን ባዶውን አስነሱና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሙቅ። ከዚያ ገመዱን ሰኩ፣ ዋናውን ብሬከር አብሩ፣ ቀጥሎ ሌሎቹን አንድ በአንድ። የትኛው ሲበራ ነገር እንደሚበላሽ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የጣሪያው መብራት በርቷል፣ ሶኬቶቹ ግን አይሠሩም

መብራቱ አያታላችሁ። ካራቫን ውስጥ ሁለት ዓይነት መስመር አለ። የጣሪያ መብራትና የውሃ ፓምፕ ከባትሪው በ12 ቮልት ይሠራሉ። ሶኬት፣ ማይክሮዌቭና ኤሲ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን 120 ወይም 230 ቮልት ይፈልጋሉ። ስለዚህ አምፖሉ መብራቱ ባትሪው ገና እንዳልሞተ ብቻ ነው የሚናገረው።

እኔ የማየው የማይክሮዌቩን ሰዓት ነው። ቁጥሩ ከታየ ኮረንቲ ገብቷል። ሰዓቱ በርቶ ሶኬቶቹ ብቻ እምቢ ካሉ፣ ወጥ ቤቱ ወይም መታጠቢያው አካባቢ ትንሽ ቁልፍ ያላትን ሶኬት ፈልጉ። እሷ ከዘለለች ከኋላዋ ያሉትን ሁሉ ይዛ ትሞታለች። ቁልፏን ጫን ማድረግ ይበቃል። በ230 ቮልት በሚሠራ ካራቫን ደግሞ ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለው ማብሪያ ወርዶ እንደሆነ እዩ። መልሳችሁ ያበራችሁት ወዲያው ደግሞ ከዘለለ ግን አታስገድዱት። የሆነ ቦታ ኮረንቲ ወደ ግራውንድ (ወደ መሬት መስመሩ) እያፈሰሰ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የረጠበ ኤክስቴንሽንና የቦይለሩ ማሞቂያ ናቸው።

የማይክሮዌቩ ሰዓትም ከጠፋ ወደ ጄኔሬተሩ ተመለሱ። ቀይ የኦቨርሎድ (ከአቅም በላይ ጭነት) መብራት በርቶ ይሆናል። ሞተሩ እየዞረ ኮረንቲ መስጠት ያቆመው ለዚህ ነው። ጭነቱን ቀንሱ። ሪሴት ካለው ተጫኑት፣ ከሌለው አጥፍታችሁ እንደገና አስነሱት።

ሰርጅ ፕሮቴክተሩ «ግራውንድ የለም» ብሎ አላሳልፍ ይላል

ይሄኛው ስንቱን አሳብዷል። ጄኔሬተሩ አዲስ ነው፣ ገመዱ አዲስ ነው፣ ግን ሰርጅ ፕሮቴክተሩ፣ ማለትም ኮረንቲውን መርምሮ የሚያሳልፈው መከላከያ፣ ኮድ ጽፎ በሩን ይዘጋል።

መጀመሪያ ትንሽ ታገሡ። አንዳንዶቹ ኮረንቲውን ሁለት ደቂቃ ያህል ከመረመሩ በኋላ ነው የሚያሳልፉት። ሁለት ደቂቃ ለቸኮለ ሰው ረጅም ነው። ነቅለው እንደገና ሲሰኩ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፣ እነሱም «ተበላሽቷል» ይላሉ።

ከዚያም በኋላ ኮዱ ካልጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቤት ወይም በካምፕ መስመር ላይ ኒውትራል (ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ) እና ግራውንድ ከምንጩ አካባቢ አንድ ቦታ ተያይዘዋል። ሰርጅ ፕሮቴክተሩ የሚፈልገው ያንን ነው። ትንንሾቹ ኢንቨርተር ጄኔሬተሮች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኒውትራሉ ከምንም ጋር አልታሰረም። በቴስተር ብትለኩት በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል 120 ቮልት ታገኛላችሁ። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ወደ ግራውንድ ስትለኩ ግን 60 አካባቢ ያሳያል። በ230 ቮልት ማሽን ላይ ደግሞ 115 አካባቢ። ጄኔሬተሩም ሰርጅ ፕሮቴክተሩም ትክክል ናቸው። አልተግባቡም እንጂ።

መፍትሄው አንድ ትንሽ ስፒና ነው። ውስጡ ኒውትራሉና ግራውንዱ በአጭር ሽቦ ተያይዘዋል፣ ፌዙ (ኮረንቲ የሚመጣበት ጥርስ) ባዶ ነው። ጄኔሬተሩ ላይ ባለው ሁለተኛ ሶኬት ትሰኩታላችሁ፣ ካራቫኑ በአንደኛው ይሠራል። ተሠርቶ የተዘጋጀ ይሸጣል፣ በቤት ከመሥራት ያንን መግዛት ይሻላል። እኔ የራሴን በቀይ ቴፕ ጠቅልዬ «ለጄኔሬተር ብቻ» ብዬ ጽፌበታለሁ። የቤት ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነገር አይደለማ።

የካራቫኑ ብሬከር ሳጥን ውስጥ ገብታችሁ ኒውትራልና ግራውንድን በሽቦ ልታያይዙ ከፈለጋችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ዛሬ ኮዱ ይጠፋል። ነገ የካምፕ መስመር ላይ ስትሰኩ ግን ኮረንቲው በግራውንዱ በኩልም ይመለሳል። ያ መስመር አንድ ቀን ከላላ የካራቫኑ አካል ራሱ ኮረንቲ ይይዛል። በሩን በእርጥብ እጅ የሚከፍተው ሰው ነው የሚቀምሰው።

አንዳንድ ጄኔሬተር ደግሞ ከፋብሪካው የታሰረ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ሁሉንም ንቀሉ፣ ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው ላይ አድርጋችሁ የኒውትራሉንና የግራውንዱን ቀዳዳ ንኩ። ጢጥ ካለ ታስሯል፣ ስፒናው አያስፈልገውም።

ኤሲው ሊነሳ ሲል ሁሉም ነገር ይጠፋል

እዚህ ላይ ሂሳብ መሥራት ግድ ነው። የትንሹ ጄኔሬተር ሳጥን ላይ 2000 ዋት ተብሎ የተጻፈው ለጥቂት ሰከንድ የሚሰጠው ነው። ሳይቋረጥ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከ1600 እስከ 1800 ዋት ነው። 1600 ዋት በ120 ቮልት 13 አምፒር ገደማ ይሆናል፣ በ230 ቮልት ደግሞ 7። የካራቫናችሁ ገመድ 30 አምፒር የሚል ስፒና ቢኖረውም፣ በአዳፕተር ስለሰካችሁት ጄኔሬተሩ 30 አይሰጥም። ስፒናው ገባ ማለት አቅም አለ ማለት አይደለም።

የጣሪያ ኤሲ እየሠራ ሳለ ከ1300 እስከ 1500 ዋት ሊበላ ይችላል። ሲነሳ ግን ለቅጽበት ከዚያ እጥፍ በላይ ይጠይቃል። ያቺ ቅጽበት ናት የምትጥለው። ሌሎቹም ቀላል አይደሉም። በኮረንቲ የሚሠራ ቦይለር 1400 ዋት አካባቢ ይወስዳል። 1000 ዋት የተጻፈበት ማይክሮዌቭ ከሶኬቱ የሚስበው ወደ 1500 ይጠጋል። የተደበቀው ሌባ ግን የባትሪ ቻርጀሩ ነው። ባትሪው ባዶ ከሆነ 55 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር ብቻውን ወደ 1000 ዋት ሊስብ ይችላል፤ ማንም ግን አያየውም።

ስለዚህ ቦይለሩንና ፍሪጁን ወደ ጋዝ አዙሩ። ፍሪጁ በራሱ የሚመርጥ ከሆነ ኮረንቲ ሲያይ ሳይጠይቃችሁ ወደ ኮረንቲ ይዞራል፣ እሱንም በእጅ ጋዝ ላይ አድርጉት። የቻርጀሩን ብሬከር አጥፉ። ጄኔሬተሩ ላይ ያለውን የኢኮ (ነዳጅ ቆጣቢ) ማብሪያ አጥፉ፤ እሱ በርቶ ከሆነ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ኤሲ ድንገት ሲመጣበት ፍጥነት እስኪጨምር ይወድቃል። ከዚያ መጀመሪያ የኤሲውን ማራገቢያ ብቻ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ማቀዝቀዣውን።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ካልተነሳ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ኤሲው ላይ የሚገጠም ቀስ ብሎ ማስነሻ ነው፤ ሲነሳ የሚጠይቀውን ኮረንቲ በደንብ ይቀንሰዋል። ሌላው ሁለት ተመሳሳይ ኢንቨርተር ጄኔሬተሮችን ለዚሁ በተሠራ ገመድ ማጣመር ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሁለተኛ ማሽን መሸከምም ነዳጁን መቀለብም አያስፈልግም።

ደጋ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሌላ ቅነሳ አለ። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 2000 ሜትር ላይ 1600 ዋት የነበረው ወደ 1230 ይወርዳል። ቆላ ላይ ኤሲ ያስነሳ ጄኔሬተር ተራራ ላይ ቢያቅተው አይገርምም።

ስፒናው ይሞቃል፣ መብራቱም ይደክማል

ኤክስቴንሽኑ ቀጭን ወይም ረጅም ነው፣ ወይም የአዳፕተሩ ጥርስ ላልቷል። የቤት ውስጥ ኤክስቴንሽን አይሆንም። ሽቦው ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። ጥቅልሉንም ፍቱት፤ ተጠቅልሎ የሚሠራ ገመድ ራሱን ያበስላል። የጠቆረ ወይም የቀለጠ አዳፕተር አይጠገንም፣ ይጣላል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል

አትዝጉት። ሁሉም ሰው ይውጣ፣ ጄኔሬተሩን አጥፉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ። ራሱን ያመመው ወይም ያጥወለወለው ሰው ካለ ሐኪም ይየው። ጋዙ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። ጄኔሬተሩ ከካራቫኑ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ማርሚታው ወደ ውጭ ይዙር፣ ንፋሱም ከእናንተ ወደ እሱ ይንፈስ። ዝናብ ነው ብሎ ከበሩ ጥላ ሥር ወይም ከካራቫኑ ሥር መወሸቅ የለም።

ሃያ ደቂቃ ይሠራና ይሞታል

ይሄ በራሴ ደርሷል። አንድ ማለዳ ጄኔሬተሩ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ። ትንሽ አርፎ ተነሳ፣ ደግሞ ጠፋ። ካንዴላውን ፈታሁ፣ ፊልትሮውን አራገፍኩ። እጄ ጥቁር በጥቁር ሆነ። በመጨረሻ ቤንዚን ልጨምር ክዳኑን ስፈታ «ፍስስ» ብሎ አየር ሳበ። ክዳኑ ላይ ያለችውን የአየር መክፈቻ ለጉዞ ዘግቼ ረስቻታለሁ። ነዳጁ ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ ታንኩ ይታፈናል። ወደ «ክፍት» አዞርኳት፣ አለቀ።

እሷ ክፍት ከሆነች ዘይቱን እዩ። ትንንሾቹ የሚይዙት ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም፣ ትንሽ ሲጎድል ጠባቂው ያጠፋቸዋል። ተዳፋት ቦታ ላይ ከቆመ ደግሞ ዘይቱ ሞልቶም ሊያጠፋው ይችላል። ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ የሚንገራገጭ ከሆነ ወራት የቆየ ቤንዚን ካርቡረተሩን ደፍኖታል ማለት ነው። አሮጌውን ቀድታችሁ አውጡ፣ ካርቡረተሩ ይታጠብ።

ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ባትሪው አልሞላም

ጄኔሬተሩ ላይ ካለችው የ12 ቮልት ቀዳዳ በቀጥታ ባትሪው ላይ አስራችሁ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። አብዛኞቹ 8 አምፒር ገደማ ነው የሚሰጡት። 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ በዚያ ለመሙላት ቀኑ አይበቃም። ዋናውን ገመድ ሰክታችሁ የካራቫኑ ቻርጀር ይሙላው። ቻርጀሩ ሲሠራ ባትሪው ጫፍ ላይ ቴስተሩ ከ13 ቮልት በላይ ማሳየት አለበት። 12 ምናምን ላይ ከቀረ፣ ለኤሲው ብላችሁ ያጠፋችሁትን የቻርጀር ብሬከር መልሳችሁ አብርታችሁ እንደሆነ እዩ። በርቶ ከሆነ የባትሪ ማቋረጫውን ማብሪያ፣ ከዚያ ቻርጀሩ ላይ ያሉትን ትልልቅ ፊውዞች እዩ። ባትሪው ለአንድ ሰከንድ እንኳ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገላብጦ ከታሰረ የሚቃጠሉት እነሱ ናቸው። ገልብጣችሁ ያሰራችሁትን አስተካክላችሁ ፊውዞቹን በተመሳሳይ አምፒር ቀይሩ።