የጎረቤት ጽድ ላይ ፍሬ የሚለቅሙ ወፎችን እንዴት ማየት ይቻላል

መጀመሪያ ዛፉን እንጂ ወፉን አትፈልጉ። አዲስ አበባ ውስጥ ጽድ በየጊቢው አለ፤ ግን ወንዴና ሴቴ ስለሆነ ፍሬ የሚይዘው ሴቴው ነው። ይህን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ እቤታችን ካለው ወንዴ ጽድ ሥር አንጋጥጬ ከርሜያለሁ። ቅርንጫፉ ላይ አተር የሚያክሉ ጠቆር ያሉ ሰማያዊ ፍሬዎች ካላያችሁ እለፉት። የበሰለ ሾላ ወይም ፍሬው የጠቆረ ወይራም ይሆናል።

በጠዋት ውጡ፣ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ።

ከባዱ ነገር ዛፉ የሰው መሆኑ ነው። አንድ ቀን ድንጋይ ላይ ቆሜ በቆርቆሮ አጥር በላይ በርቀት መነጽር ሳይ ዘበኛው ደረሰ። እኔ ወፍ እያየሁ ነው፤ ለእሱ ግን ቤት የሚያጠና ሌባ ነኝ። የሰፈሩ ጎረምሶች ከበቡኝ፣ መነጽሬንም ቀሙኝ። «ይሄ የነእገሌ ልጅ አይደለም እንዴ?» ያሉ አንዲት እናት ባይደርሱልኝ ነገሩ ይከፋ ነበር።

ስለዚህ በዋዜማው ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ በር አንኳኩ። «እማማ፣ ጽድዎ ላይ የሚያርፉትን ወፎች ነገ ጠዋት ልመለከት ብዬ ነበር» በሉ። ይስቁባችኋል፤ ቀጥሎ ዱካ ያወጡላችኋል፣ ወፎቹ ስንት ሰዓት እንደሚመጡም ከእናንተ በላይ ያውቃሉ። ቡና ይፈላ ሲሉ እምቢ አትበሉ። ቡናው ተቆልቶ እስከ በረካው ድረስ አንድ ቦታ መቀመጣችሁ አይቀርም፤ ወፎቹ ደግሞ የሚለምዱት የማይነቃነቅ ሰው ነው።

መነጽሩ 8 ጊዜ የሚያቀርብ ይበቃል። 20 ጊዜ ያቀርባል እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን ተዉት፣ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። በስልክ ለማንሳትም አትድከሙ።

ጭራቸው የረዘመ፣ በቡድን መጥተው ቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠሉ ቡኒ ወፎች ታያላችሁ። አረንጓዴዎቹ ትንንሽ በቀቀኖች የኢትዮጵያና የኤርትራ ብርቅዬዎች ናቸው፤ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው። ሶሪት የምትባለው ወፍ ከመጣች ዓይናችሁን አትንቀሉ፦ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ስትሮጥ አረንጓዴ ናት፣ ስትበር ግን ክንፏ ደም ይመስላል። ያ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ አለበት።

ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄዱ ስኳር ያዙ።